ከውኃ ጉድጓድ እስከ እጅ ስልክ፦ የትዳር አጋር የምናገኝበት መንገድ ታሪክ

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 24፤ ሩት 3–4



«የት ተዋወቃችሁ?» የሚለው ጥያቄ ለእጮኛሞች ከሚቀርቡት ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። መልሱ «በመዘምራን ኅብረት ውስጥ» ወይም «ዘመድ አስተዋወቀን» ከሆነ ጠያቂው ፈገግ ብሎ «ጌታ ይባርካችሁ» ይላል። መልሱ «በፌስቡክ» ወይም «በቲክቶክ» ሲሆን ግን ጥንዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዳንዶች ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ለሽማግሌዎች የሚነገር ሌላ ታሪክ አስቀድመው ይስማማሉ። እንግዲህ ለጋብቻ ምክር ወደ መጋቢው ፊት ሲቀርቡ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራቸው ውሸት ሆነ ማለት ነው። ትዳር የሚያህል ነገር በውሸት ሲጀመር ደግሞ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ይህ እፍረት ከየት መጣ? ታሪክን ስናገላብጥ አንድ ነገር ተደጋግሞ እናያለን። እያንዳንዱ ትውልድ ራሱ የተገናኘበትን መንገድ የእግዚአብሔር መንገድ አድርጎ ይቆጥራል፤ ልጆቹ የሚገናኙበትን ግን በጥርጣሬ ያያል። ቃሉን ስንመረምር ግን እግዚአብሔር የመገናኛውን ስፍራ ቀድሶ እንዳላስቀመጠልን እንረዳለን። ቃሉ በየዘመኑ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውየውም ሴቲቱም በነጻነት ተጠይቀዋል ወይ? ሁለተኛ፣ ይህን ነገር በብርሃን የሚያውቅና የሚመሰክር ማን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ታሪኩን እንመልከት።

በጉድጓዱ አጠገብ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ሰዎች ለትዳር የሚገናኙበት ስፍራ ሆኖ ደጋግሞ ይታያል። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ያገኘው በጉድጓድ አጠገብ ነው። ያዕቆብ ራሔልን ያየው ድንጋዩን ከጉድጓዱ አፍ አንከባልሎ በጎቿን ሲያጠጣ ነው (ዘፍ. 29)። ሙሴም ከሚስቱ ከሲፓራ ጋር የተዋወቀው በምድያም የውኃ ጉድጓድ ዘንድ እርሷንና እህቶቿን ከእረኞች ካዳነ በኋላ ነው (ዘጸ. 2)። ጉድጓዱ ቅዱስ ስፍራ ስለነበረ አይደለም። በዚያ ዘመን እንግዳ ሰው ከአገሬው ሴቶች ጋር በግልጽ ሊነጋገር የሚችልበት ስፍራ ስለነበረ ነው። በገጠር ያደግን ሰዎች ወንዝ የወረደች ልጅ ዘግይታ ስትመለስ እናት ለምን እንደምትቆጣ እናውቃለንና ይህ አይጠፋንም።

በርብቃ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ጸሎቱን፣ ምልክቱንና ግመሎቹን ነው። ነገር ግን የታሪኩ ማጠፊያ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሎሌው ጸልዮ ምልክቱን አይቷል፤ ወንድሟ ላባና ቤተሰቡ ነገሩ ከእግዚአብሔር እንደወጣ አምነዋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን ቤተሰቡ ብላቴናይቱን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር መሄድ ትፈቅድ እንደሆነ ጠየቋት፤ እርሷም እሄዳለሁ አለች (ዘፍ. 24፥57-58)። እግዚአብሔር መርቶ ያመጣው ነገር እንኳ የርብቃን አፍ አልዘለለም።

የሩት ታሪክ ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ያሳየናል። ሩትና ቦዔዝ ቁም ነገሩን የተነጋገሩት በሌሊት፣ በአውድማ ላይ፣ ማንም በሌለበት ነው። ቦዔዝ ግን በጨለማ የተጀመረውን በጨለማ አልጨረሰውም። ሲነጋ ወደ ከተማይቱ በር ወጣ፤ ከሽማግሌዎች 10 ሰዎች አስቀመጠ፤ ከእርሱ የሚቀርብ ዘመድ እንዳለም ሳይሸሽግ በአደባባይ ተናገረ (ሩት 4፥1-12)። ከዚህ ቤት ዳዊት ወጣ፤ ከዳዊትም ቤት ጌታችን መጣ።

ከገዳም በዓሣ ጋሪ የወጣችው ሴት

ወንጌላውያን የምንባል ክርስቲያኖች ሥራችን ከተሐድሶው ዘመን ስለሚመዘዝ ወደዚያ ብቅ ማለት ይጠቅመናል። ከዚያ በፊት በምዕራብ አውሮፓ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በምስጢር ቃል ከተሰጣጡ፣ ምስክር ባይኖርም እንደ ተጋቡ ይቆጠሩ ነበር። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። አንዱ «ቃል ገብተሽልኛል» ሲል ሌላዋ «አልገባሁም» ትላለች፤ ዳኛው ደግሞ የሚጠይቀው ምስክር የለውም። በሌላ በኩል ወላጆች ልጆቻቸውን ለርስትና ለክብር ሲሉ ሳይጠይቁ ይድሩ ነበር፤ ወይም ወደ ገዳም ይሰዱ ነበር።

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1524 ወላጆች ልጆቻቸውን ለጋብቻ እንዳያስገድዱም እንዳይከለክሉም የሚያስተምር ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ጽሑፍ ልጆችም ከወላጆቻቸው ተደብቀው እንዳይተጫጩ መከረ። በማግስቱ ዓመት በዙሪክ ከተማ የጋብቻ ጉዳይ የሚያይ ችሎት ተቋቋመ፤ ጋብቻም በምስክር ፊት እንዲሆን ተደነገገ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1563 በትሬንት ጉባኤ ጋብቻ በካህንና በምስክሮች ፊት እንዲፈጸም ወሰነች። በብዙ ነገር የተለያዩት ሁለቱ ወገኖች በዚህ ነገር ተቀራርበው ነበር።

የሉተር የራሱ ትዳር የጀመረበት መንገድ ግን ዛሬ በእኛ ሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ ብዙ ጥያቄ ያስነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1523 በትንሣኤ በዓል ሰሞን ካታሪና ፎን ቦራና ሌሎች መነኮሳይት ከኒምብሸን ገዳም ለገዳሙ ዓሣ በሚያመላልስ ነጋዴ ጋሪ ተደብቀው ወጡ። ዘጠኙ ወደ ዊተንበርግ መጡ፤ ሉተርም እንደ አባት ሆኖ ቤትና ባል ይፈልግላቸው ጀመር። ካታሪና ሂሮኒመስ ባውምጋርትነር የተባለ የኑረምበርግ ወጣት ወደዳት፤ እርሷም ወደደችው። ቤተሰቦቹ ግን ከገዳም የወጣች ሴት አንፈልግም ብለው ስለ ከለከሉት ወጣቱ ቀረ። ከዚያ ሉተር ካስፓር ግላትስ የተባለ በዕድሜ የገፋ አገልጋይ አቀረበላት። ካታሪና እርሱን አልፈልግም አለች። ለሉተር ወዳጅ ለአምስዶርፍም ካገባች እርሱን ወይም ራሱን ሉተርን ብታገባ እንደምትፈቅድ በግልጽ ነገረችው።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እናስበው። ቤት የሌላት፣ ርስት የሌላት፣ ከገዳም የኮበለለች ሴት «ይህን አልፈልግም፤ ያንን ግን እፈቅዳለሁ» አለች፤ ታላቁ የተሐድሶ መምህርም ሰማት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1525 እርሱ በ41፣ እርሷም በ26 ዓመታቸው በጥቂት ወዳጆች ምስክርነት ተጋቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የሉተር ወላጆች በተገኙበት በአደባባይ ድግስ ተደረገ። አነሣሣቸው ለብዙዎች አስነዋሪ ነበር፤ ጠላቶቻቸውም ብዙ ተሳለቁባቸው። ሆኖም ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አግኝተዋል፤ ሴቲቱ ተጠይቃለች፤ ማኅበረሰቡም መስክሯል። ስድስት ልጆችም ወለዱ።

ዕጣ የሚወጣበት ዘመን

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። በሄርንሁት መንደር የተሰበሰቡትን ሞራቪያውያን በጸሎታቸው እናውቃቸዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ1727 የጀመሩት የማያቋርጥ የጸሎት ሰንሰለት ለ100 ዓመት ያህል ዘልቋል። እነዚህ ወገኖች በትልልቅ ጉዳዮች ላይ የጌታን ፈቃድ ለማወቅ ዕጣ ያወጡ ነበር፤ ጋብቻም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ዕጣው «አዎ» ካለ ጥያቄው ለሴቲቱ ይቀርብላታል፤ ያን ጊዜም ቢሆን እንቢ ማለት ትችል ነበር። ልማዱ ግን እያደር ከበደ፤ በተለይ በአሜሪካ የነበሩት ወጣቶች አጉረመረሙ። እ.ኤ.አ. በ1818 የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ ለአብዛኛው ምእመን የጋብቻ ዕጣ ግዴታ እንዳይሆን ወሰነ።

ጆን ዌስሊም በወጣትነቱ በዚህ መንገድ ገብቶ ነበር። በአሜሪካ በጆርጂያ ሲያገለግል ሶፊያ ሆፕኪ የተባለች ወጣት ወደደ። በግልጽ ሳይጠይቃት ለወራት አመነታ። እ.ኤ.አ. በ1737 ከአንድ ወዳጁ ጋር ጸልዮ ሦስት ዕጣዎች ጻፈ፦ አግባ፤ በዚህ ዓመት አታስበው፤ ጨርሶ አታስበው። የወጣው ሦስተኛው ነበር። ሶፊያ ብዙም ሳትቆይ ሌላ ሰው አገባች። ዌስሊ ከወራት በኋላ ከጌታ እራት ከለከላት፤ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ዌስሊ ጆርጂያን ጥሎ ወጣ። ታላቅ የእግዚአብሔር ሰው ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ለእግዚአብሔር የጠየቀውን ጥያቄ ያህል ለልጅቷ አልጠየቀም። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን፤ የእኛንም ቤት ይነካልና።

ሽማግሌ፣ ሰባት ቤት እና ያልተጠየቀችው ልጅ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የአያቶቻችን ጋብቻ የሁለት ቤተሰቦች ውል ነበር። የወንዱ አባት የተከበሩ ሽማግሌዎችን መርጦ ይልካል። ሽማግሌዎቹ በጠዋት ከልጅቷ ቤት ደርሰው «ተቀመጡ» ሲባሉ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ አይቀመጡም። «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ይጠይቃሉ። የልጅቷ ቤተሰብ ወዲያው እሺ አይልም፤ ቀን ይቀጥራል። በመካከሉ ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር ይጣራል። የቤተሰቡ ስም፣ ሥራ ወዳድነቱ፣ ጠበኛ መሆን አለመሆኑ ይጠየቃል። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ይህን መንገድ በቀላሉ መናቅ የለብንም። ትዳሩ ሲናጋ የሚጠየቅ ሰው ነበረ። ባል ሚስቱን ቢመታ የሚቆጣ ሽማግሌ፣ ሚስት ብትኮርፍ የሚያስታርቅ ዘመድ ነበረ። ለሁለተኛው ጥያቄያችን፣ ለምስክሩ፣ መልስ ነበረው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ አልነበረውም። ልጅቷ በጓዳ ሆና ስለ ራሷ የሚደረገውን ንግግር ትሰማለች እንጂ አትጠየቅም። ብዙዎች የትዳር አጋራቸውን ፊት በደንብ ያዩት በሠርጋቸው ቀን ነው። በተለይ በሰሜኑ ክፍል ልጆች ገና ጡት ጥለው ሳይጠነክሩ ይታጩ ነበር። በቤተ መንግሥት ደግሞ ጋብቻ የፖለቲካ መሣሪያ ነበር። በኋላ ንግሥተ ነገሥታት የሆኑት ዘውዲቱ እ.ኤ.አ. በ1882 ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ሲዳሩ የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጋብቻው የሁለት ነገሥታትን ሰላም የሚያጸና ነበርና የሕፃኒቱን አሳብ የጠየቀ አልነበረም።

ያም ሆኖ ዓይንና ልብ ፈጽሞ ተዘግተው አያውቁም። በጥምቀት ቀን ወጣቱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውር ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል ልጃገረዶቹም ለመታየት እንደሚወጡ ይነግረናል። የዚያ ዘመን ወላጆች ሎሚውን ያዩት ዛሬ እኛ ቲክቶክን በምናይበት ዓይን ሳይሆን አይቀርም።

ጠለፋ

ከሽማግሌው ጎን ሌላ ክፉ መንገድ ነበር። በደቡብ፣ በአርሲና በሌሎችም አካባቢዎች ጥሎሽ ያልሞላለት ወይም እንቢ የተባለ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር አድፍጦ ልጅቷን ከወንዝ መንገድ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ ይጠልፋታል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይላካል፤ የልጅቷ ቤተሰብም «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ብሎ ይስማማል። ሽማግሌ የወንጀል መሸፈኛ ሆነ ማለት ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ይህ አንቀጽ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም (እ.ኤ.አ. 2014) ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችበትን ጉዳይና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ያደረጉትን ትግል ያሳያል። ልጅቷ ራሷን መከላከሏ ታምኖ በነጻ ተለቃለች።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ታሪክ ያውቀዋል። በመሳፍንት ምዕራፍ 21 የብንያም ሰዎች በወይን ቦታ አድፍጠው በሴሎ በዓል ሊዘፍኑ የወጡትን ልጃገረዶች ነጠቁ። ይህን ምክር የሰጧቸው የማኅበሩ ሽማግሌዎች ነበሩ! መጽሐፉ በዚያው ያበቃል፤ የመጨረሻው ቃሉም በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በፊቱ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ እንደነበር የሚያሳዝን ምስክርነት ነው። ሽማግሌ ስላለበት ብቻ አንድ ጋብቻ ቅዱስ አይሆንም።

ዘመቻ፣ ከተማ እና የቤት ውስጥ ኅብረት

ከዚያ ዘመኑ መለወጥ ጀመረ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የሁለቱን ወገኖች ፈቃድ ጠየቀ፤ የጋብቻውንም ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 አደረገው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. ለሁለቱም 18 አደረገው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አባት ለልጁ የዘር ሐረግ ሲመርጥ የልጅቷን ልብ እንዴት እንደሚያጣ አሳይቶ የአንድ ትውልድ መነጋገሪያ ሆነ። ትምህርት ቤት ወንዶችንና ሴቶችን በአንድ ክፍል አስቀመጠ፤ የፍቅር ደብዳቤም በደብተር መካከል መጓዝ ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን ከወላጆቻቸው ርቀው ወደ ገጠር ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወጣት «አባቴ ይመርጥልኝ» ማለት የሚመለስበት ነገር አልነበረም።

በዚሁ ዘመን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለወጣቱ አዲስ ስፍራ ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች ብዙዎቹ የአባቶቻቸውን የሽማግሌ ሥርዓት አልጣሉም፤ ጥያቄውን ግን ቀየሩት። «የማን ዘር ናት?» ከሚለው ይልቅ «ጌታን ታምናለች ወይ?» የሚለው ቀደመ (1ቆሮ. 7፥39)። ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም፤ ለዘመናት እንደ ግንብ ቆሞ የኖረውን የጎሳና የዘር አጥር ወንጌል ነካው።

በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ፣ አገልጋዮች ሲታሰሩ፣ እንደ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ያሉት ሲገደሉ፣ ኅብረቱ ወደ መኖሪያ ቤቶች ገባ። በዝግ መስኮት ውስጥ በዝግታ የዘመሩ ወጣቶች እርስ በርስ ተዋወቁ። እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ለእምነቱ ዋጋ ለመክፈል የቆረጠ ነበርና ትውውቁ እውነተኛ ነበር። ዛሬ በየአጥቢያው የምናከብራቸው ብዙ አዛውንት ጥንዶች የዚያ ዘመን ፍሬ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ያላመኑት ወላጆቻቸው «ሽማግሌ ሳይላክ፣ በጨለማ ቤት የተገናኙ» ብለው አዝነውባቸው ነበር። ዛሬ «በስልክ የተገናኙ» ብለን የምናዝነው እኛ ልጆቻቸው ነን።

«ጌታ ተናግሮኛል»

ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን የመገናኛ ስፍራ ስትሆን አዲስ ፈተናም መጣ። አንድ ወንድም በአንዲት እህት ፊት ቆሞ «ሚስቴ እንደምትሆኚ ጌታ ተናግሮኛል» ይላታል። እርሱ ለስሜቱ መንፈሳዊ ልብስ ያለበሰው በቅንነት ሊሆን ይችላል። እርሷ ግን ምን ትመልስ? ወንድሙን እንቢ ብትል ጌታን እንቢ ያለች ይመስላታል። አንዳንዴም ከመድረክ ላይ በትንቢት ሁለት ሰዎች ይጣመራሉ፤ ጉባኤው ሁሉ «አሜን» ይላል፤ ልጅቷ ብቻ አልተጠየቀችም።

ወገኖቼ፣ ይህን በስሙ እንጥራው፤ በአንደበት የሚደረግ ጠለፋ ነው። ጌታ ሕዝቡን እንደሚመራ እናምናለን። ነገር ግን ሎሌው ከእግዚአብሔር ምልክት ተቀብሎ ሳለ ርብቃ ተጠየቀች። ሞራቪያውያን ዕጣው «አዎ» ካለ በኋላ እንኳ ለሴቲቱ እንቢ የማለት መብት ትተውላት ነበር። ጌታ በእውነት ከተናገረ ለእርሷም ለመናገር አይሳነውም።

ስልኩ

እንግዲህ የዛሬው ጉድጓድ ስልኩ ነው። በዓለም ላይ ማች ዶት ኮም የተባለው የመተዋወቂያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ቲንደር ደግሞ በ2012 ተጀመሩ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት እንዳሳየው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተገናኙት ወንድና ሴት ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተገናኙት በኢንተርኔት ነው። በ1995 ከተገናኙት 15 በመቶው በቤተሰብ በኩል ነበር የተዋወቁት፤ በ2017 ግን ወደ 7 በመቶ ወርዷል። አስታራቂውና አስተዋዋቂው ሰው ከመካከል እየወጣ ነው ማለት ነው።

ይህ የሌላ አገር ቁጥር ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ወይም በሲያትል ሁለት ሥራ የሚሠራ ወንድማችን ከሰንበት በቀር ሰው አያይም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የዕረፍት ቀን ላይኖራት ይችላል፤ የአምልኮ ኅብረቷም፣ የእናቷ ድምፅም፣ የትውውቅ ዕድሏም በኢሞ ወይም በቴሌግራም በኩል ነው። በአገር ቤት ደግሞ በብዙ አጥቢያዎች እህቶች ከወንድሞች ይበዛሉ፤ 30 ዓመት ያለፋት እህት «መቼ ነው የምንበላው?» እየተባለች ትጠየቃለች እንጂ በብልሃት የሚያስተዋውቃት የለም። ሥራችንን ሳንሠራ ቆይተን ስልክ ስትከፍት ማፈሯን መጠበቅ ፍትሕ አይደለም።

አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ጉድጓድ ዘንድ የተገናኘ ሰው ከየት እንደመጣ መንደሩ ይጠይቀዋል። በስልክ የመጣ ሰው ግን መንደር የለውም። ፎቶው የሌላ፣ ስሙ የውሸት፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሊሆን ይችላል። የፍቅር ቃል ካበዛ በኋላ ገንዘብ ላኪልኝ የሚል ሌባም አለ፤ በዓረብ አገር ላባቸውን አንጠፍጥፈው ያጠራቀሙትን በዚህ መንገድ ያጡ እህቶች ታሪክ ለጆሯችን አዲስ አይደለም። የዘመናችን መንገድ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል፤ ሁሉም በገዛ ፈቃዱ ነው የሚነጋገረው። የሚጎድለው ሁለተኛው ነው፤ የሚያውቅና የሚመሰክር የለም።

የአባቶቻችን መንገድ ምስክር ነበረው፤ ልጅቷን አልጠየቀም። የእኛ መንገድ ልጅቷን ይጠይቃል፤ ምስክር የለውም። ስለዚህ ማናቸውም በሌላው ላይ ሊፈርዱ አይችሉም፤ ሁለቱም ግን ከቦዔዝ ሊማሩ ይችላሉ።

ከአውድማው ወደ ከተማይቱ በር

ለወጣቶች፦ በስልክ ስለ ተዋወቃችሁ አትፈሩ፤ በስልክ ብቻ ግን አትቅሩ። ቦዔዝ ሲነጋ ወደ በሩ እንደወጣ፣ እናንተም የተጀመረውን ነገር ወደ ብርሃን አውጡት። ፊት ለፊት ተያዩ። የአጥቢያው መጋቢ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ደውላችሁ አረጋግጡ። ቤተሰቡን እወቁ። ምስክር እንዲኖር የማይፈልግ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል ሰው መልሱን በዚያው ሰጥቷል። ለማያውቁት ሰው ደግሞ ገንዘብ አይላክም።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ የትዳር አሳብ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የት አገኘሃት?» አይሁን። «ማን ናት? ጌታን ትወዳለች? በነጻነት ነው የተስማማችሁት?» በሉ። በመጀመሪያው ጥያቄ ያፈረ ልጅ ቀሪዎቹን ለመስማት አይቆይም።

ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፦ በቋንቋችን ትዳር የሚጠይቀውም፣ ቤተ ክርስቲያንን የሚጠብቀውም «ሽማግሌ» ይባላል። መንደር ለሌለው ጥንድ መንደር መሆን የእናንተ ድርሻ ነው። በሌላ አገር ያለውን ወንድም አጥቢያውን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታችሁ ፈቃዷን ስሙ። ብቻቸውን ያሉትንም በቤታችሁ ማዕድ አቀራርቡ። ሳይገናኙ ስለቀሩት እንጂ በየት እንደተገናኙ አትቆጩ።

ያላገባችሁ ሆይ፣ ትዳር ብታገኙም ባታገኙም በክርስቶስ ምሉዓን ናችሁ (ቈላ. 2፥10)። በሲካር ጉድጓድ አጠገብ አምስት ባሎች የነበሯትን ሴት ጌታ ጠብቆ አነጋገራት (ዮሐ. 4)። በጉድጓድ የሚገናኙት ሁሉ ለትዳር እንደሚገናኙ በሚታሰብበት አገር፣ እርሱ ባል ሊሆናት ሳይሆን የሕይወትን ውኃ ሊሰጣት መጣ። ሕይወቷን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አልሸሻትም። ያን ውኃ የጠጣ ሰው የትኛውም ጉድጓድ ዘንድ ቢቆም በጥማት አይዋሽም።

ጸሎት

አባት ሆይ፣ ርብቃን በጉድጓድ፣ ሩትን በእርሻ፣ አባቶቻችንን በዝግ ቤት ያሰብህ አምላክ፣ ዛሬም ልጆችህን አስብ። ያለ ፈቃዳቸው ለተዳሩትና ለተጠለፉት እናቶቻችን ፈውስ ስጣቸው። በስምህ የማንንም ፈቃድ እንዳንነጥቅ ጠብቀን። በስውር የተጀመረውን ወደ ብርሃን የምናወጣበት ድፍረት ስጠን፤ ቤተ ክርስቲያንህንም የታመነች ምስክር አድርጋት። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።